የሞገድ ግንባር ዳሳሹ የሚለካው መስታወቱን ነው ወይስ አየሩን?

ጥያቄ፦ «ለመመረቂያ ሥራዬ በአንድ የ1 ሜትር ቴሌስኮፕ ላይ የሻክ-ሃርትማን ዳሳሽ (የብርሃኑን ሞገድ ገጽ፣ ማለትም የሞገድ ግንባሩን፣ በብዙ ጥቃቅን ሌንሶች ከፋፍሎ የሚለካ መሣሪያ) ገጥመናል። ሌንሶቹ 20 በ20 ሆነው ተደርድረዋል፤ እያንዳንዱ 300 ማይክሮሜትር ስፋትና 15 ሚሊሜትር የፎከስ ርዝመት አለው። የካሜራው ፒክስል 5 ማይክሮሜትር ነው። ከደማቅ ኮከብ የ20 ሚሊሰከንድ ምስል እያነሣሁ የነጥቦቹን ማዕከል አሰላለሁ፤ ከዚያም 36 የዘርኒኬ ሞዶችን (የሞገዱን መዛባት የሚገልጹ መደበኛ ቅርጾችን) አውጥቼ ሁለተኛውን መስታወት በአምስት አቅጣጫ ለሚያንቀሳቅሰው ሥርዓት እልካለሁ። የአስቲግማቲዝም (የኮከቡን ምስል ሞላላ የሚያደርገው ጉድለት) እና የኮማ (ጅራት የሚያበጅለት ጉድለት) ቁጥሮች ከምስል ወደ ምስል ይለዋወጣሉ፤ አንዳንዴም ካረምኩ በኋላ የኮከቡ ምስል ይብስበታል። ስህተቱ ሒሳቤ ላይ ነው? ትልልቆቹ ቴሌስኮፖች እንዴት ያደርጉታል? ዳሳሹን ትቼ በዋናው ካሜራ ምስል ብቻ መሥራትስ ይቻላል? መልስዎን በአክብሮት እጠብቃለሁ።»

ምላሽ፦ ሒሳብህ ትክክል ሊሆን ይችላል። ከጥያቄህ ውስጥ መጀመሪያ ዓይኔ ያረፈው ዘርኒኬው ላይ ሳይሆን 20 ሚሊሰከንድ የምትለው ቁጥር ላይ ነው። በዚያ ፍጥነት የሚነሣ ምስል የቴሌስኮፑን ጉድለት ለብቻው አያሳይም፤ በዚያች ቅጽበት በኮከቡና በመስታወቱ መካከል የነበረውን አየር ጭምር፣ እንዲያውም በአብዛኛው አየሩን ነው የሚያሳየው። አንተ የአየሩን መልክ ለክተህ መስታወቱን ታንቀሳቅሳለህ፤ መስታወቱ ቦታውን እስኪለውጥ አየሩ ሌላ መልክ ይዟል። ምስሉ የሚብስበት ከዚህ የተለየ ምክንያት ላይኖረው ይችላል። ይሁን እንጂ ሌሎችም ተጠርጣሪዎች አሉና ተራ በተራ እንያቸው።

ከራስህ ቁጥሮች እንነሣ። 20ዎቹ ሌንሶች የመስታወቱን 1 ሜትር ስለሚከፋፈሉት እያንዳንዱ ሌንስ የሚመለከተው 5 ሴንቲሜትር ስፋት ያለውን ቁራጭ ነው። ከ400ዎቹ ሌንሶች በክቡ ውስጥ የሚወድቁት 314 ገደማ ናቸው፤ ሁለተኛው መስታወት ከስፋቱ ሲሶ ያህሉን የሚጋርድ ከሆነ 280 ያህል ነጥቦች ይቀሩሃል። እያንዳንዱ ነጥብ ሁለት ቁጥር ይሰጣል፤ ወደ ጎን ስንት ተንሸራተተ፣ ወደ ላይ ወይም ወደ ታች ስንት ተንሸራተተ። በጠቅላላው 560 የተዳፋት ልኬቶች ናቸው። ዳሳሹ የሞገዱን ከፍታ በቀጥታ አያይም፤ የሚያየው የሞገዱ ገጽ በየቁራጩ ምን ያህል እንዳዘነበለ ብቻ ነው።

አንድ ነጥብ በ1 ፒክስል ተንሸራተተ እንበል። 5 ማይክሮሜትርን ለ15 ሚሊሜትር ስታካፍል በሌንሱ ፊት ያለው ሞገድ በአንድ ራዲያን ሦስት ሺህኛ ማዘንበሉን ታገኛለህ። ይህም በ300 ማይክሮሜትሩ ሌንስ በአንዱ ዳርና በሌላው ዳር መካከል የ100 ናኖሜትር ልዩነት ማለት ነው። ወደ ሰማይ ስትመልሰው 0.4 አርክ ሰከንድ (አንድ አርክ ሰከንድ የዲግሪ 3,600ኛ ነው) ይሆናል። 1 ፒክስል፣ 100 ናኖሜትር፣ 0.4 አርክ ሰከንድ፤ እነዚህን ሦስቱን ጽፈህ ከኮምፒውተርህ አጠገብ ለጥፋቸው። አንድ ውጤት እውነት ይሁን ቅዠት ለመለየት ከብዙ የፕሮግራም መስመር ይልቅ እነሱ ይረዱሃል።

አሁን አየሩን እንጨምርበት። የኮከብ ምስል 1.5 አርክ ሰከንድ ያህል በሚሰፋበት ተራ ሌሊት፣ በተለመደው የኮልሞጎሮቭ የአየር መናወጥ ሞዴል ስናሰላው አየሩ ብቻውን እያንዳንዱን ነጥብ በአማካይ በአንድ ፒክስል ተኩል ያህል ወዲያና ወዲህ ይወስደዋል። ሁለቱ የአስቲግማቲዝም ቁጥሮች እያንዳንዳቸው በ110 ናኖሜትር ገደማ፣ የኮማዎቹ ደግሞ በ60 ናኖሜትር ገደማ ይዋዥቃሉ። በደንብ የተሠራ የ1 ሜትር ቴሌስኮፕ ራሱ ያለበት ጉድለት ከዚህ ያነሰ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ቁጥሮቹ ከምስል ወደ ምስል መለዋወጣቸው የሚያስደነግጥ አይደለም፤ ባይለዋወጡ ነበር ዳሳሹን የምጠረጥረው።

መድኃኒቱ ጊዜ ነው። ነፋሱ በሰከንድ 10 ሜትር ቢነፍስ በመስታወትህ ላይ ያለው አየር በሰከንድ አንድ አሥረኛ ውስጥ ይቀየራል። በ30 ሰከንድ ውስጥ እርስ በርሳቸው የማይገናኙ 300 ያህል የአየር መልኮች ያልፋሉ ማለት ነው። የ300 ስኩዌር ሩት 17 ስለሆነ የ110 ናኖሜትሩ ውዥቀት ወደ 6 ናኖሜትር ይወርዳል። የቀረው የቴሌስኮፑ ነው። በቺሊ ፓራናል ተራራ ላይ ያሉት የአውሮፓ ደቡባዊ ኦብዘርቫቶሪ ቴሌስኮፖች የሚሠሩት በዚሁ ስሌት ነው። 8.2 ሜትር ስፋት ያለው ዋናው መስታወታቸው ውፍረቱ 17.5 ሴንቲሜትር ብቻ ስለሆነ በራሱ ክብደት ይጎብጣል፤ ከሥሩ ያሉ 150 ገፊዎች ቅርጹን ይጠብቁለታል። ለእነዚህ ገፊዎች መመሪያ የሚሰጠው የሻክ-ሃርትማን ዳሳሽ 30 ሰከንድ ያህል ብርሃን ሰብስቦ ነው የሚናገረው። ይህ አክቲቭ ኦፕቲክስ የሚባለው ነው። አየሩን ራሱን የሚያሳድደው አዳፕቲቭ ኦፕቲክስ ሌላ ሥራ ነው፤ በሰከንድ ከመቶዎች እስከ ሺህ ጊዜ ያርማል፤ ለዚያም ቀጭን ተለዋዋጭ መስታወት ይፈልጋል። በፓራናል ከአራቱ በአንዱ ላይ ያለው ተለዋዋጭ ሁለተኛ መስታወት 1,170 አንቀሳቃሾች አሉት። የአንተ ሁለተኛ መስታወት በሞተር የሚጎተት ጠንካራ ብርጭቆ ነው፤ ይህን አትጠይቀው።

ኮከቡ በ30 ሰከንድ ካሜራውን የሚያጠግብ ከሆነ ደብዘዝ ያለ ኮከብ ምረጥ። ብዙ አጫጭር ምስሎችን አንሥቶ የነጥቦቹን ቦታ ማማከልም ይሠራል፤ ነገር ግን እያንዳንዱ ንባብ የካሜራውን ረብሻ ስለሚጨምር እኔ ረጅሙን አስቀድማለሁ። በማንኛውም መንገድ ከሁሉም በፊት የ280ዎቹን ነጥቦች የጋራ መንሸራተት ቀንስ። እሱ የክትትል ሞተሩ ስህተትና የንፋስ ግፊት ነው፤ ከመስታወቱ ቅርጽ ጋር ግንኙነት የለውም።

ቀጥሎ ያለው ተጠርጣሪ የነጥቡን ማዕከል የምታሰላበት መንገድ ነው፤ ብዙ ተማሪዎች «ቀላሉ ክፍል» ብለው የሚያልፉት ይህን ነው። የአንተ አንድ ሌንስ በካሜራው ላይ 60 በ60 ፒክስል ይይዛል፤ 3,600 ፒክስሎች መሆናቸው ነው። ነጥቡ ራሱ ግን በ600 ናኖሜትር ብርሃን ስፋቱ 6 ፒክስል ብቻ ነው፤ በረጅም ምስል አየሩ ትንሽ ያሰፋዋል። የጀርባውን ብርሃን ስትቀንስ በየፒክስሉ 2 የብርሃን ቁጥር ብቻ ሳትቀንስ አስቀርተሃል እንበል። ትንሽ ትመስላለች። በ3,600 ፒክስል ስታባዛት ግን 7,200 ትሆናለች። የኮከቡ ብርሃን በዚያ ሌንስ ውስጥ በጠቅላላው 20,000 ከሆነ የምታገኘው መንሸራተት እውነተኛው በ20,000 ተባዝቶ ለ27,200 የተካፈለ ነው፤ 74 በመቶው ብቻ። ከሩብ በላይ ጠፋ። በዚያ ላይ ይህ ብክነት በሁሉም ሌንስ እኩል አይደለም፤ ዳር ላይ ያሉት ብርሃናቸው አነስተኛ ስለሆነ ይበልጥ ይጎዳሉ፤ የተዛባው ውጤትም ልክ እንደ እውነተኛ ጉድለት ሆኖ በዘርኒኬው ውስጥ ይገባል። መስኮቱን ወደ 20 በ20 ፒክስል ብታጠበው ያቺው 2 ቁጥር 800 ብቻ ትሆንና 96 በመቶው ይተርፍልሃል። ስለዚህ መጀመሪያ በሰፊው መስኮት ነጥቡ የት እንዳለ ፈልግ፤ ከዚያ ጠባቡን መስኮት በላዩ አድርገህ እንደገና አስላ። ብርሃናቸው ከአማካዩ ከግማሽ በታች የሆኑትን የዳር ሌንሶች ጣላቸው። ምንም አይጎድልብህም።

ሦስተኛው፣ «ዜሮ» የምትለው የት ነው? መንሸራተት የሚለካው ከአንድ መነሻ ነው። መነሻህ በወረቀት ላይ የተሠመረ እኩል መረብ ከሆነ የሌንሶቹ የራሳቸው መዛነፍና የዳሳሹ የውስጥ ሌንሶች ጉድለት ሁሉ ወደ ቴሌስኮፑ ዕዳ ይጻፋል። ትክክለኛው መንገድ በቴሌስኮፑ ፎከስ ላይ ከቀጭን ፋይበር የሚወጣ ብርሃን አስገብቶ የዚያን ነጥቦች ቦታ መነሻ ማድረግ ነው። ይህ የዳሳሹን ጉድለት ያጸዳልሃል፤ በዳሳሹና በዋናው ካሜራ መንገዶች መካከል ያለውን ልዩነት ግን አያጸዳም። ለእሱ አየሩ በተረጋጋ ሌሊት ፎከሱን ከወዲያ ወዲህ እየወሰድክ ካሜራው ላይ ምስሉ እጅግ የሚጠራበትን ቦታ ፈልግ፤ እዚያ ቦታ ላይ ዳሳሹ የሚያነበውን ቁጥር መዝግብና ግብህ ዜሮ ሳይሆን ያ ቁጥር ይሁን። ዳሳሹ ከመሐል ወጣ ያለ ኮከብ የሚጠቀም ከሆነም በዚያ ማዕዘን ላይ በንድፉ የሚጠበቀውን አስቲግማቲዝም መቀነስ አትርሳ።

የመነሻን ነገር የማጠብቅበት ምክንያት አለኝ። በሚያዝያ 1990 እ.ኤ.አ. ወደ ጠፈር የወጣው ሀብል 2.4 ሜትር መስታወቱ እጅግ በለሰለሰ ሁኔታ የተወለወለ ነበር። ችግሩ ቅርጹን ይመረምር የነበረው መሣሪያ ውስጥ አንድ ሌንስ ከቦታው 1.3 ሚሊሜትር ርቆ መገጠሙ ነው። መሣሪያው «ትክክል ነው» እያለ መስታወቱ በዳሩ በኩል በ2 ማይክሮሜትር ገደማ ከሚገባው በላይ ዝቅ ብሎ ተሞረደ። ሌሎች መመርመሪያዎች ስህተት እንዳለ ጠቁመው ነበር፤ ይበልጥ የታመነው ግን የተሳሳተው ነበር። ማረሚያው የተገጠመው በታኅሣሥ 1993 ነው። የሚገርመው፣ በዚያው ዘመን በቺሊ ላ ሲያ ተራራ በ1989 ሥራ የጀመረው የአውሮፓውያኑ 3.58 ሜትር ቴሌስኮፕም በተመሳሳይ የመመርመሪያ መሣሪያ ስህተት የተነሣ ስፌሪካል አበሬሽን (የመስታወቱ መሐልና ዳር ብርሃኑን በተለያየ ቦታ የሚሰበስቡበት ጉድለት) ነበረበት። እሱ ግን በኦፕቲክስ ባለሙያው በሬይመንድ ዊልሰን ሐሳብ የተሠራ፣ መስታወቱ ከሥሩ በገፊዎች የሚታረም የመጀመሪያው ትልቅ ቴሌስኮፕ ነበርና ጉድለቱ በዚያው ተስተካከለ፤ ከባለሙያ በቀር የሚያስታውሰው የለም።

ወደ ማረሙ እንሂድ። የዘርኒኬ ሞዶችን አስልተህ ከዚያ «ይህን ያህል ኮማ ይህን ያህል ማይክሮሜትር ማንቀሳቀስ ይፈልጋል» የሚለውን ከንድፍ ሶፍትዌር አምጥተህ ከሆነ፣ በመካከሉ የምልክት፣ የመገልበጥና የመዞር ስህተት የሚገባባቸው ብዙ በሮች አሉ። ካሜራው ምስሉን ገልብጦ ሊያነብ ይችላል፤ ሌንሶቹ ከመስታወቱ አንጻር ዞረው ሊሆን ይችላል። የመዞሩ ዋጋ ከሚገመተው በላይ ነው። በማዕዘኑ 30 ዲግሪ ብቻ ብትሳሳት አስቲግማቲዝምን በሙሉ ኃይል ብታርምም የሚቀረው ልክ እንደ መጀመሪያው ነው፤ ከ30 ካለፈ ታባብሰዋለህ፤ በ90 ዲግሪ እጥፍ ታደርገዋለህ። ለኮማ ይህ ወሰን 60 ዲግሪ ነው። ዳሳሽህ ከቴሌስኮፑ ጋር አብሮ የማይዞር ከሆነ ደግሞ ይህ ማዕዘን ሌሊቱን ሙሉ ይለዋወጣል።

ስለዚህ ንድፉን ለጊዜው ተወውና ቴሌስኮፑን ራሱን ጠይቀው። ሁለተኛውን መስታወት በአንድ አቅጣጫ በታወቀ መጠን ወደፊት ግፋው፣ የ30 ሰከንድ ምስል አንሣ፤ ከመነሻው በዚያው መጠን ወደ ኋላ ውሰደው፣ እንደገና አንሣ። የሁለቱን ልዩነት ግማሽ ለእንቅስቃሴው መጠን አካፍል። የ560ዎቹ ተዳፋቶች ምላሽ አንድ ዓምድ ሆኖ ይወጣል። ወደፊትም ወደ ኋላም የሚደረገው በመካከሉ በሙቀት የሚፈጠረው ቀስ ያለ ለውጥ ጉዳቱ እንዲቀንስ ነው። እንቅስቃሴው ነጥቦቹን ሁለት ሦስት ፒክስል የሚወስድ ይሁን፤ ከዚያ ካነሰ አየሩ ይውጠዋል፤ ከበዛ ነጥቦቹ ከመስኮታቸው ይወጣሉ። በአምስቱም አቅጣጫ ስትጨርስ የምላሽ ማትሪክስ አለህ። ምልክቱ፣ መገልበጡ፣ መዞሩ ሁሉ በውስጡ ነው። ዘርኒኬ ለእርማቱ አያስፈልግህም፤ ምን እንደሆነ ለሰው ለማስረዳትና ለምርመራ ያዘው።

ይህን ማትሪክስ በቀጥታ አትገልብጠው። መጀመሪያ አምዶቹን ወደሚመጣጠን መለኪያ አምጣና ወደ ሲንጉላር እሴቶቹ (እያንዳንዱ የእንቅስቃሴ ጥምረት በዳሳሹ ላይ ምን ያህል ጎልቶ እንደሚታይ የሚናገሩ ቁጥሮች) በትነው ተመልከታቸው። እኔ የምጠብቀው ሦስት ትልልቅና ሁለት እጅግ ትንንሽ እሴቶችን ነው። ምክንያቱ ኦፕቲክሱ ውስጥ ነው፤ ሁለተኛውን መስታወት ወደ ጎን ብታንሸራትተውም ብታዘነብለውም በመሐል ላይ ባለ ኮከብ የሚታየው ውጤት ያው ኮማ ነው። አንዱን ወደ ግራ፣ ሌላውን ወደ ቀኝ አድርገህ ኮማውን ማጣፋት ትችላለህ፤ ዳሳሹም ምንም አላየሁም ይልሃል። ኮምፒውተሩ ትንሿን እሴት ሲገለብጥ ግን ትልቅ ቁጥር ትሆናለች፤ የቀረችውን ጥቂት የአየር ረብሻ አባዝታ መስታወቱን በአንድ ጊዜ ወደ ጎንም ወደ ማዘንበልም ትወረውረዋለች። በመሐል ያለው ኮከብ ደህና ይመስላል፤ በምስሉ ጠርዝ ያሉት ይበላሻሉ፤ ቴሌስኮፑም ከዒላማው ይስታል። በአንድ ኮከብ አምስቱንም ማንቀሳቀስ ሳይቸግር ጤፍ ብድር ነው። ሁለቱን ትንንሽ እሴቶች ዜሮ አድርጋቸው፤ ፎከስንና ሁለቱን የኮማ አቅጣጫዎች ብቻ አርም።

አምስቱን ለመለየት ከመሐል ርቀው የተቀመጡ ብዙ ኮከቦችን ማየት ያስፈልጋል። በቺሊ ሴሮ ፓቾን ላይ ያለው፣ የመጀመሪያ ምስሎቹን በሰኔ 2025 ያሳየው የሩቢን ኦብዘርቫቶሪ በካሜራው አራት ማዕዘኖች ላይ የሞገድ ግንባር ዳሳሾች ያሉት ለዚህ ነው። እነሱ ሻክ-ሃርትማን አይደሉም፤ በእያንዳንዱ ማዕዘን ግማሹ ከፎከስ 1.5 ሚሊሜትር ወደፊት፣ ግማሹ 1.5 ሚሊሜትር ወደ ኋላ የተቀመጠ ነው። ኮከቦቹ በእነሱ ላይ መሐሉ ባዶ የሆነ ቀለበት መስለው ይታያሉ፤ ከሁለቱ ቀለበቶች የብርሃን ልዩነት የሞገዱ ገጽ ይሰላል።

እርማቱን ስትልክ ከሒሳቡ ግማሹን፣ ብትፈራ ሲሶውን ብቻ ላክ። መስታወቱ ቦታውን እስኪይዝ ጠብቅና እንደገና ለካ። ከአራት ወይም ከአምስት ዙር በኋላ ፎከሱና ኮማው ከአየሩ ረብሻ ደረጃ ሲደርሱ አቁም። ከዚያ በታች እያረምክ ብትቀጥል የምታርመው የራስህን ስህተት ነው።

አስቲግማቲዝሙስ? በ30 ሰከንድ ምስልም የማይጠፋ አስቲግማቲዝም ካለ በሁለተኛው መስታወት አታስወግደውም፤ በመሐል ኮከብ ላይ መነሻው በአብዛኛው የዋናው መስታወት መቀመጫ ነው። ቴሌስኮፑን ወደ ሰማይ ጉልላት፣ ከዚያ ወደ 60፣ ከዚያ ወደ 40 ዲግሪ ከፍታ እያዞርክ ለካው። ከከፍታው ጋር የሚቀያየር ከሆነ የክብደት ጉዳይ ነው፤ ድጋፎቹ ሸክሙን እኩል አልያዙም። በየትኛውም ከፍታ ካልተለወጠ ወይ መስታወቱ ሲሠራ አብሮት የመጣ ነው፣ ወይ የጎን መያዣ አጥብቆ ይዞታል። ሦስት ማዕዘን መስሎ የሚወጣ ጉድለት ካየህ ደግሞ ሦስቱን መያዣዎች ፈትሽ። ይህ በመፍቻ እንጂ በፕሮግራም የሚፈታ አይደለም። ከፍታውንና የሙቀቱን ንባብ ከእያንዳንዱ ልኬት ጋር መዝግብ፤ ጥቂት ሌሊቶች ሲጠራቀሙ ፎከሱ ከሙቀት ጋር እንዴት እንደሚሄድ በሠንጠረዥ ይወጣልሃል፤ ቴሌስኮፑም አዲስ ኮከብ ላይ ሲያርፍ ገና ዳሳሹ ሳይናገር ወደ ትክክለኛው ቦታ ሊቀርብ ይችላል።

በመጨረሻ፣ ያለ ዳሳሽ መሥራት ይቻላል ወይ ላልከው፣ ይቻላል። በታኅሣሥ 2021 የተወነጨፈው የጄምስ ዌብ ቴሌስኮፕ 18 ቁራጭ ያለውን 6.5 ሜትር መስታወት የሚያስተካክለው ሻክ-ሃርትማን ይዞ አይደለም። ኒርካም በተባለው ካሜራው ውስጥ ደካማ ሌንሶችን እያስገባ ኮከቡን ሆን ብሎ ከፎከስ ያወጣዋል፤ ከደበዘዙት ምስሎች ኮምፒውተር ወደ ኋላ እየሄደ እንዲህ ያለ ብርሃን ሊያመጣ የሚችለው የትኛው የሞገድ ገጽ እንደሆነ ይፈልጋል። ይህን ልኬት በየሁለት ቀኑ ገደማ ይደግመዋል። ለእሱ ተመችቶታል፤ ከላዩ አየር የለም። አንተ ጋ ስሌቱ በአየሩ ስፋት ስለሚደበዝዝ የሩቢን ዓይነቱ ይሻልሃል፤ ሁለተኛውን መስታወት በእኩል መጠን ወደፊትና ወደ ኋላ ወስደህ ሁለት የ30 ሰከንድ ምስሎች አንሣ። ቀለበቱ ከአየሩ ብዥታ ብዙ እጥፍ እስኪሰፋ ድረስ ከፎከስ አውጣው። የቀለበቱ ባዶ መሐል ወደ አንድ ጎን ከሸሸ ኮማ ነው። በአንደኛው ምስል ወደ አንድ አቅጣጫ ሞላላ ሆኖ በሁለተኛው ምስል ሞላላነቱ በ90 ዲግሪ ከዞረ አስቲግማቲዝም ነው፤ በሁለቱም በአንድ አቅጣጫ ከሆነ ግን የክትትል ሞተሩ ነው። ይህ በዓይን ብቻ የሚታይ ስለሆነ ዳሳሹ የሚሰጥህን ቁጥር ምልክትና አቅጣጫ ለመፈተሽ ዛሬውኑ ልትጠቀምበት ትችላለህ። ሁለቱ ካልተስማሙ የምላሽ ማትሪክሱን ከመሥራትህ በፊት የፋይበሩን መነሻ ምስል እንደገና አንሣ።